አልጋ ላይ የተነዳ አውቶቡስ

የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ጓደኞቹ «ሚዛን» ይሉታል። እሱ ፍሬን ሲይዝ ቆሞ የሚሄደው ተሳፋሪ ወደ ፊት አያዘነብልም፤ እናቱ እቅፍ ውስጥ የተኛ ሕፃን አይነቃም። ሌላው ሹፌር ፌርማታ ላይ ሲቆም አሮጊቶቹ «ኧረ ወገቤን!» ይላሉ፤ እሱ ሲቆም ግን «ደረስን እንዴ?» ብለው ነው የሚጠይቁት። ኩራተኛ ነው ደግሞ፣ ምን ይደበቃል! ዴፖው ሻይ ቤት ውስጥ አዳዲሶቹ ሹፌሮች ስለ ገጩትና ስለተገጩት ሲያወሩ፣ እሱ ስኳሩን እያማሰለ ዝም ይላል። ዝምታው «እኔን አይመለከተኝም» ማለት ነው። እውነቱንም ነው። መሪ በያዘበት ዘመን ሁሉ እንኳን ሰው፣ የሰው ስፖኪዮ ነክቶ አያውቅም።

ታዲያ ይህ ሰው እግሩን በምን ሰበረ ብትሉ፣ በቆመ አውቶቡስ። አትሳቁ! አንድ ቀን ጠዋት የፊት መስታወቱ በደንብ አልተወለወለም ብሎ ተቆጣ። አጣቢውን ጠርቶ ማስወልወል ሲችል «ተወው፣ እናንተ ምን ታውቃላችሁ!» ብሎ ራሱ ጨርቅ ይዞ የፊት መከላከያው ላይ ወጣ። ሳሙናው ገና አልደረቀም ነበር። ሸተት አለና ሲሚንቶው ላይ ዘጭ! የጭኑ አጥንት ተሰበረ።

ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት አለ፤ ማለትም በር አለው፣ ቁልፎች አሉት፣ «ከአቅም በላይ መጫን ክልክል ነው» የሚል ማስጠንቀቂያም ተለጥፎበታል። መሥራት ብቻ ነው የማይችለው። ከሆስፒታል የተመለሰ ቀን ጎረቤቶቹ የወጥ ቤት ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ አራት ሆነው ተሸከሙት። በየደረጃው ማረፊያ እያስቀመጡት ላባቸውን ይጠርጋሉ፤ ሕፃናት በር ከፍተው ያያሉ፤ አንዲት ሴትዮ «እኔን! እኔን ይስበረኝ!» እያለች ከንፈሯን ትመጣለች። እሱ ኮቱን ፊቱ ላይ ጣለ። አልጋው ላይ ሲያሳርፉት የመጀመሪያ ቃሉ «ከእንግዲህ በገዛ እግሬ ካልሆነ ከዚህ ቤት አልወጣም» የሚል ነበር። ምነው ምላሱን በቆረጠው!

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደህና ነበሩ። ዕድሜ ልኩን ጎህ ሳይቀድ የተነሳ ሰው ጥጋቡን ተኛ። ጓደኞቹ ብርቱካን ይዘው እየመጡ አልጋውን ከበው ይስቃሉ፤ የትኛው ሹፌር ከየትኛው ተቆጣጣሪ ጋር እንደተጣላ፣ የትኛው አውቶቡስ የት ቆሞ እንደቀረ ይነግሩታል። ባለቤቱ ላውንደሪ ቤት ልብስ ተኳሽ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ከእንፋሎት ጋር ስትታገል ውላ ትመጣና «እንዴት ዋልክ የኔ ጌታ?» ትለዋለች። ውኃ ልቅዳ ቢል «አርፈህ ተኛ!»፣ ሽንኩርት ልላጥ ቢል «አርፈህ ተኛ!»። ከፍቅሯ ነው። እኔ ግን አንዳንዱ ፍቅር ሰው ያሽመደምዳል ባይ ነኝ፤ ቅር የሚለው ይበለው።

ከዚያ አጥንቱ በደንብ አልገጠመም ተባለ። ሰው ሳያየው በማለዳ አውርደው ቀዶ ሕክምና አስደረጉለት፤ ብረት ገባለት፤ እንደገና ተሸክመው አወጡት። «ጥቂት ወራት» የተባለው ነገር ዓመት አለፈው። ጓደኞቹም ብርቱካኑን ተዉት፤ ቀጥሎ ራሳቸውን ተዉት። ክፋት አይደለም፣ ሥራ ነው። ስልክ ይደውሉና «ሰሞኑን እመጣለሁ» ይላሉ። ያ ሰሞን ግን ከየት ይምጣ?

ክፍሉን ልንገራችሁ። አልጋው ከመስኮቱ ሥር ነው። መስኮቱ ወደ መንገድ ቢያይ ኖሮ ይህን ታሪክ አላወራላችሁም ነበር። የሚያየው ግን የጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ ነው፤ ያልተቀባ ግድግዳ፣ መሀሉ ላይ ከላይ እስከ ታች የወረደ የፍሳሽ ቧንቧ። ፀሐይ አትደርስበትም። ጠዋት ግራጫ፣ ከሰዓት ግራጫ፣ ሲመሽ ደግሞ የጠቆረ ግራጫ። ባለቤቱ ወደ ሥራ፣ ልጁ ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፤ በሩ ከኋላቸው ጠቅ ይላል፤ እሱና ቧንቧው ይፋጠጣሉ።

መጀመሪያ የከዳችው ሰዓት ናት። «ምሳ በልቻለሁ?» ይላል። ሳህኑ እዚያው አጠገቡ ነው። ቀጥሎ ሬዲዮው። ዜና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያዳምጣል፤ ባለቤቱ «ዛሬ ምን አሉ?» ስትለው አፉን ይከፍትና ምንም አያገኝም። «ያው ነው ባክሽ፣ ምን አዲስ ነገር አለ» ይላል። ፊልም ሲያዩ ልጁን «ይሄ ደግሞ ማነው?» ይላታል። «ባልየው ነዋ አባዬ።» ትንሽ ቆይቶ፣ «ይሄ ማነው?» «ያው ባልየው!» የኩሽናው ቧንቧ ጠብ ጠብ ካለ ግን ጉድ ነው! በዓለም ላይ ሌላ ነገር የሌለ ይመስል ቀልቡ ሁሉ እዚያ ላይ ይጣበቃል፤ «ዝጉልኝ! ኧረ በፈጣሪ ዝጉልኝ!» ብሎ ይጮኻል። ትልቁን ነገር መያዝ ያቃተው ልብ ትንሿን ነገር አልለቅም ይላል።

ልጁ ጎበዝ ተማሪ ናት፤ አፏም ስለት ነው። ድሮ ፈተና ሲደርስ ደብተሯን ይዞ የሚጠይቃት እሱ ነበር። አሁንም አጠገቡ ተቀምጣ ጮክ ብላ ታጠናለች፤ እሱ «ጎበዝ፣ ቀጥይ» ይላታል። አንድ ቀን ስለ ደም ዝውውር እያነበበች ቀና ብላ አየችው። ዐይኑ እሷ ላይ ነው፤ ግን የሆነ ነገር ደስ አላላትም። ድምጿን ሳትለውጥ ቀጠለች።

«ደም ከልብ በትልቁ ቧንቧ ይወጣና ወደ ሰውነት ይሰራጫል። ከዚያም አውቶቡስ ተሳፍሮ ገበያ ይወርዳል፤ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ይገዛል።»

«ጎበዝ፣ ቀጥይ።»

ልጅቷ ሳቋ አፈናት። አባቷ እየቀለደባት መስሏት ጠበቀችው፤ ፊቱ ላይ ምንም የለም።

«ሽንኩርቱንም ለኩላሊት ያደርሳል» አለች፣ ቀስ ብላ።

«እሺ» አለ አባቷ፣ ራሱን እየነቀነቀ። «እሺ፣ ቀጥይ።»

ደብተሯን ዘግታ ወደ ኩሽና ሄደች። እናቷ ድስት እያጠበች ነበር። «እማዬ፣ አባዬ አይሰማም» አለቻት።

«ጆሮውን አመመው እንዴ?»

«ጆሮውማ ደህና ነው። ያየኛል፣ ይመልስልኛል፣ ግን እዚያ የለም።» የሽንኩርቱን ነገር ነገረቻት። ለማሳቅ ብላ ጀምራ መሀል ላይ እንባዋ መጣ።

እናትየው ድስቷን አስቀመጠች። ክንዷ በእንፋሎት ተቃጥሎ እዚህም እዚያም ጠቋቁሯል። «ሰው ተኝቶ ሲውል እንዲህ ነው» አለች። «ተነስቶ ሥራው ሲገባ ይተወዋል። አንቺስ ብትሆኚ፣ የገዛ አባትሽን መፈተን ምን የሚሉት ጨዋታ ነው?» እናትየው ድስቷን እንደገና አነሳች፤ የታጠበውን ድስት መልሳ አጠበችው።

እሱ ራሱስ አያውቅም ነበር? ያውቃል እንጂ! ራሱን የሚያውቅ ሰው ነው። ብቻውን ሲሆን ራሱን ይፈትናል። አንዴ የልጁን የዕድሜ ቁጥር አስቦ አስቦ አጣው፤ ላብ በላብ ሆነ። ሲመጣለት ደግሞ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ለማን ይናገር? ሐኪሙ እግሩን አንስቶ፣ አጥፎ፣ ተጭኖ «ያምሃል?» ይለዋል፤ «አያመኝም» ይላል፤ «ግሩም!» ይላል ሐኪሙ። ስለ ጭንቅላቱ የጠየቀው አንድም ሰው የለም። ጭንቅላቱ አልተሰበረማ!

መፍትሔውን ያገኘው በራሱ ነው። አንድ ጠዋት፣ በሩ ጠቅ ካለ በኋላ፣ ዐይኑን ጨፈነና አውቶቡሱን አስነሳ። ሞተሩ ሲነሳ የሚሰማውን ንዝረት ከወንበሩ ሥር ሰማው። የፍሬኑን አየር የሚለካው ቀስት ወደ ላይ እስኪወጣ ጠበቀ። የእጅ ፍሬኑን ለቀቀ፣ ፉሽ አለ። በዴፖው በር ወጣ፤ ዘበኛው እጁን አነሳለት። ፋርማሲው ጋ ወደ ቀኝ፣ ማደያውን አልፎ፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ቀስ ብሎ፣ ድልድዩን ተሻግሮ ገበያው፣ አደባባዩን ዞሮ ሆስፒታሉ፣ ከዚያ ዳገቱ፣ ከዚያ መጨረሻው ፌርማታ። ዐይኑን ሲገልጥ ልቡ ደስ ብሎታል። እንዲህ ያለ ደስታ ከወደቀ ጀምሮ አላየም። አንድ ሐሳብ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይበጠስ ይዞ መሄድ ቻለ ማለት ነው!

ከዚያ ወዲያ ሥራው ሆነ። ጠዋት ይነዳል፣ ከምሳ በኋላ ይነዳል። ባለቤቱ ብርድ ልብሱ ሥር እግሩ ሲንቀሳቀስ አይታ «ምን እያደረግህ ነው?» ብትለው፣ «ሥራ ላይ ነኝ» አላት። ከት ብላ ሳቀች። መቆጣቱን ተወ፤ የኩሽናው ቧንቧ ቢንጠባጠብ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። «አየሽ፣ እየተሻለው ነው» አለች ለልጇ። ቤቱ ሰላም ሆነ።

እዚህ ላይ ግን ልብ በሉልኝ። መጀመሪያ ሰሞን ሲነዳ ፌርማታ ላይ ይቆም ነበር። በር ይከፍታል፤ ቅርጫት የያዘችውን ሴትዮ ያሳፍራል፤ የትምህርት ቤት ልጆች ይጋፋሉ፤ ሁልጊዜ ዝርዝር የሌለው ሽማግሌ ይለምነዋል። ይህ ሁሉ ግን ሐሳብ ይጠይቃል። ሰውን በሐሳብ መፍጠር ያደክማል፤ ፊት መስጠት አለበት፣ ልብስ ማልበስ አለበት። ስለዚህ ቀስ በቀስ ተዋቸው። መጀመሪያ ተሳፋሪዎቹ ቀሩ። ቀጥሎ ሌሎቹ መኪኖች ቀሩ። መብራቱ ሁልጊዜ አረንጓዴ ሆነለት። በመጨረሻ እግረኞቹም ከመንገዱ ጠፉ፤ መንገዱና እሱ ብቻ ቀሩ። ባዶ ከተማ ውስጥ፣ ባዶ አውቶቡስ፣ ማንም የማይገባበት መንገድ። ደስ አይልም? እሱን ደስ ብሎታል።

እግሩ ዳነ። በክራንች፣ ቀጥሎ በምርኩዝ፣ ቀጥሎ በባዶ እጁ ክፍሉን ይዞር ጀመር። ሐኪሙ «ውረድ፣ ሰው መሀል ግባ፣ መንገድ ላይ ተራመድ» አለው። አንድ ቀን ሁለት ፎቅ ወረደ። ከታች የልጆች ጩኸት፣ የሞተር ብስክሌት ድምፅ፣ የሰው ጭቅጭቅ አንድ ላይ ሆኖ ሲመጣበት ጭንቅላቱ ጭው አለ፤ ግድግዳውን ተደግፎ ተመለሰ። ባለቤቱ በአንድ ቃል እንኳን ሳትወቅሰው «ተወው፣ እግርህ ገና ነው፣ ይረፍ» አለችው። እሱም ደስ አለው። «ነገ እሞክራለሁ» አለ። ነገ ደግሞ ነገ አለው።

አንድ ቀን ስልክ ተደወለ። የደወለው የድርጅቱ ፈታኝ ነው። ይህ ፈታኝ ድሮ የእሱ ረዳት የነበረ፣ መሪ አያያዝ ከእሱ የተማረ ሰው ነው። «ጋሼ፣ እንኳን እግዜር ማረዎት!» አለው። «ይህን ያህል ጊዜ ከሥራ የራቀ ሹፌር እንደገና ተፈትኖ ነው የሚመለሰው። በሚቀጥለው ሳምንት ይምጡ። ያለፈ መሪውን ይይዛል። ያላለፈ...» ትንሽ አመነታ፣ «ያላለፈ የዴፖው በር ላይ ዘበኛ ሆኖ ይመደባል። የእርስዎ ግን ወግ ለማድረስ ነው።»

የዴፖው በር! እሱ እጅ እየተነሳለት ሲወጣበት የኖረው በር ላይ ቆሞ ለሌሎቹ እጅ ሊያነሳ! ስልኩን ከዘጋ በኋላ ክፍሉን ሦስቴ ዞረ። «ሞቼ ነው ቆሜ!» አለ። ከዚያ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ዐይኑን ጨፈነና ነዳ። እንዳበደ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ነዳ።

ልጁ ከፈተናው በፊት ባለው ቀን አጠገቡ መጥታ ተቀመጠች። «አባዬ፣ አትቆጣኝ። አንድ ወር ጠይቃቸው። እኔ አብሬህ እወርዳለሁ፤ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስመለስ መንገድ ላይ እንሄዳለን። እዚያ ሰው አለ አባዬ፣ መኪና አለ...»

«አንቺ ነሽ መንገድ የምታስተምሪኝ?» አለ ተነስቶ። «መንገዱን ዐይኔን ጨፍኜ ነው የምነዳው!»

«እሱን ነው የፈራሁት» አለች ልጅቷ።

እናትየው ከኩሽና ዘላ መጣች። «አፍሽን ዝጊ! ያባትሽን ቀን አታበላሺ!» ልጅቷ አፏን ዘጋች። ዘግታም ቀረች። ብትጮህ ኖሮ እላለሁ፤ ግን ማን ይሰማት ነበር?

በማግስቱ ጠዋት ዩኒፎርሙን ለበሰ፤ ባለቤቱ ከእሷ በቀር ማንም እንደማይተኩሰው አድርጋ ተኩሳዋለች። ሰፍቶታል። አራቱን ፎቅ ወረደ፤ ልጁ እጁን ይዛ ታክሲ ውስጥ አስገባችው። ዴፖው ሲደርስ «ሚዛን መጣ! ሚዛን መጣ!» ተባለ። አቀፉት፣ ጀርባውን ደበደቡት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ አወሩበት። እሱ ግራ ቀኝ ፈገግ እያለ «ደህና፣ ደህና» አለ። ማን ምን እንዳለው አንዱንም አልያዘም።

ለፈተና የተመደበው አውቶቡስ ፈታኙ ከሚቀመጥበት ቦታ ሥር ሁለተኛ ፍሬን አለው። ፈታኙ ወንበሩን ጠረግ ጠረግ አድርጎለት፣ «ለሌላው ሰው የማያውቀውን መንገድ ነው የምሰጠው፤ ዐይኑን እንዲገልጥ» አለ። «ለእርስዎ ግን የራስዎን መስመር ነው የምሰጥዎት። ሰው አናሳፍርም፣ ዝም ብለው ይንዱ።» ውለታ መዋሉ ነበር። እግዜር ያሳያችሁ፣ ውለታ!

እንዴት ነዳ መሰላችሁ! የአየሩን ቀስት ጠበቀ፣ የእጅ ፍሬኑን ለቀቀ፣ በዴፖው በር እንደ ቅቤ ወጣ። ፋርማሲው ጋ ሲታጠፍ መሪው በእጁ ውስጥ የተወለደ ይመስላል። ፈታኙ ልቡ በደስታ ሞላ፤ የድሮ መምህሩን ማየት ነው። ከፊት የሚሄዱት መኪኖች እንደዕድል ራቅ ብለው ነበር፤ መብራቱም እንደዕድል አረንጓዴ ነበር። ትምህርት ቤቱ ጋ አውቶቡሱ ጓ ብሎ ዘለለ። አዲስ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ነው፤ ከሩቅ እንዲታይ ነጭና ቢጫ ተቀብቷል።

«ምንድነው?» አለ ደንግጦ።

«ጉብታ ነው ጋሼ። እርስዎ ተኝተው እያለ የተሠራ ነው፤ ከየት ያውቁታል» አለ ፈታኙ እየሳቀ። አለማወቅ ሌላ፣ አለማየት ሌላ መሆኑ አልታሰበውም። ድልድዩን ተሻገሩ።

ባለቤቱ ገበያው ጋ ቆማ ነበር። ለማንም አልነገረችም፤ የትኛውንም መንገድ ቢሰጡት በገበያው ማለፉ አይቀርም ብላ ነው። ከላውንደሪው አንድ ሰዓት ፈቃድ ጠይቃ፣ ለወግ የምታስቀምጠውን ቢጫ ሻሽ አስራ፣ ባሏ መሪ ይዞ ሲያልፍ አንዴ በዐይኗ ልታየው መጣች። ምን ያህል ጸልያለች መሰላችሁ ለዚህች ቀን! አውቶቡሱ ከድልድዩ ብቅ ሲል አወቀችው፤ እሱ እንደሆነ ከአመጣጡ ታውቃለች። ዜብራው ጫፍ ላይ ቆማ እጇን አውለበለበች። እሱም ቀጥ ብሎ አያት። ፈገግ አለ። አይቶኛል፣ ሊቆምልኝ ነው ብላ ዜብራው ላይ ገባች።

ፈታኙ ሴትዮዋ ስትገባ አየ። ሹፌሩ ፍሬን እስኪይዝ ጠበቀ፤ ሚዛን ነው እኮ፣ ሚዛን ሰው አይቶ ያልፋል እንዴ? አልያዘም። ፍሬን መያዙ ቀርቶ እግሩን ከነዳጁ አላነሳም። ፈታኙ በሁለት እግሩ ፍሬኑ ላይ ቆመ። ጎማው ጮኸ፣ አውቶቡሱ ተንቀጠቀጠ፣ የሹፌሩ ደረት መሪው ላይ ተመታ።

«ምን ነካህ?» ብሎ ጮኸ ሹፌሩ፤ ተቆጥቷል፣ ደም ሥሩ ተገታትሯል። «ምን ነካህ አንተ ሰው! መንገዱ ባዶ ነው እኮ!»

ፈታኙ ፊቱ አመድ መስሎ ወደ ፊት ይመለከታል። ሹፌሩ ዐይኑን ተከትሎ አየ። ከመስታወቱ ሥር ቢጫ ሻሽ አለ። ከሻሹ ሥር የሚስቱ ፊት አለ። ሁለት እጇን የአውቶቡሱ አፍንጫ ላይ አድርጋ ቆማለች፤ እንደሚገፋ ሰው።

እንዴት እንደወረደ አያውቀውም። ምንም አልሆነችም። ሰው ተሰበሰበ፣ አንዱ ተሳደበ፣ አንዷ «እግዜር ነው ያወጣት» አለች። ባለቤቱ ግን የመጀመሪያ ቃሏ እሱን ለማዳን ነበር። «የኔ ጥፋት ነው» አለች ለፈታኙ። «ዘልዬ ነው የገባሁት። እሱ ምን ያድርግ?»

ፈታኙ ዞር ብሎ ሰዉን በተነ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ይግቡ» አለ። «ከእኛ ሦስታችን ሌላ የሚያውቅ የለም። የመጀመሪያ ቀን ነው፣ ያጋጥማል። ይግቡና መስመሩን እንጨርስ። ሳምንት ሳይሞላ እንደድሮዎ ይሆናሉ።»

ይህን ነው እንግዲህ ሲመኝ የነበረው። መሪው እጁ ላይ ነው፤ እሺ ማለት ብቻ ነው የቀረው። ባለቤቱ ክንዱን ይዛ «ግባ እንጂ፣ ግባ» ትለዋለች።

እሱ እሷን ነው የሚያየው። «የት ነበር የቆምሽው?» አላት።

«ተወው አሁን...»

«የት ነበር?»

አሳየችው። ሄዶ እዚያው ቦታ ቆመና ወደ አውቶቡሱ ተመለከተ። ሰፊ መስታወት ነው፤ የወንበሩን ጀርባ፣ መሪውን፣ ፈታኙ ትቶት የወረደውን ኮፍያ ሳይቀር ያሳያል። ከዚያ ወንበር ላይ ሆኖ የሚነዳ ሰው የኮቷን ቁልፍ ሊቆጥር ይችል ነበር።

«እጅሽን አንስተሽልኝ ነበር?»

«አዎ።»

«እኔስ?»

ባለቤቱ መዋሸት አቃታት። «አየኸኝ» አለች። «ፊት ለፊት አየኸኝ። ፈገግ አልክልኝ።»

ለማን ነበር ፈገግ ያለው? ያስታውሳል፤ በዚያች ቅጽበት ደስ ብሎት ነበር፤ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ አደባባዩ የሚወስደው ቀጥ ያለ መንገድ ሁልጊዜ ደስ ይለዋል። እሷን ግን አያስታውስም። ዐይኑ አይቷታል፣ እሱ አላያትም።

«ወድቋል ብለህ ጻፍ» አለው ፈታኙን።

«ጋሼ፣ እባክዎ! እግርዎ ደህና ነው፣ ዐይንዎ ደህና ነው...»

«ጻፍ አልኩህ! ነገ ዜብራው ላይ የሚገባው የሰው ልጅ ነው፤ አንተ አጠገቤ አትኖርም።» ፈታኙ እንባውን እየዋጠ ወደ ሹፌሩ ወንበር ወጣ። አብረውት እንዲሄዱ ለመናቸው፤ እንቢ አሉ። አውቶቡሱ ሄደ።

ባልና ሚስት የገበያው ፌርማታ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ሰው ይመጣል፣ ሰው ይሄዳል። ባለቤቱ ሻሿን ፈትታ ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ «ድኗል ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር» አለች። «ዝም ስትል ድነሃል ብዬ። ልጄ እየነገረችኝ! አንዴ እንኳን በእጄ ይዤ አላወረድኩህም።» ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ቆረጥ አደረገች፤ ተስፋ ቶሎ የማትቆርጥ ሴት ናት። «በቃ፣ ከዛሬ እንጀምራለን» አለችው። «እኔና አንተ እዚህ እየመጣን ሰው እናያለን። ያለፈውን ሰው ትነግረኛለህ። ልብስህን አይደል የምተኩሰው? ሰውን ደግሞ አንተ ትነግረኛለህ። እሺ?»

«እሺ።»

ሽማግሌ አለፈ፣ ዣንጥላ ይዞ። ሁለት ልጆች አለፉ። ከዚያ አንዲት ወጣት ሴት ትልቅ የመስታወት ፍሬም በሁለት እጇ አቅፋ፣ ከፊታቸው ቆም ብላ «ይቅርታ» ብላ በእግራቸውና በመንገዱ መሀል እንደምንም ራሷን አጥብባ አለፈች። እሱ እግሩን ሰብሰብ አደረገላት።

«እሺ፣ አሁን ያለፈችው ሴት ምን ይዛ ነበር?» አለችው ባለቤቱ፣ የዐይኑን ውስጥ እያየች።

ለመመለስ አፉን ከፈተ። ግንባሩን ቋጠረ። መንገዱን ወደ ላይ አየ፣ ወደ ታች አየ። ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞረ።

«የቷ ሴት?» አላት።